በአንድ ወገን የፈሰሰ ውሃ

ረህማ በደባርቅ ያልተቀመጠችበት የሾፌር ወንበር የለም ማለት ይቻላል። በጭነት መኪናም፣ በሚኒባስም፣ እንግዳ ወደ ፓርኩ በሚያመላልሱት ረዣዥም መኪኖችም ተቀምጣለች። አንዱንም ግን አንድ ክንድ ያህል እንኳ ነድታ አታውቅም። ከወንበሩ ሆና የምታየውም መንገድ ሳይሆን ግድግዳ ነው። ጋራዡ ጠባብ ስለሆነ መኪና ሁሉ የሚገባው አፍንጫውን ወደ ውስጥ አድርጎ ነው። ስለዚህ ረህማ ዕድሜዋን ሙሉ መሪ ጨብጣ ያየችው ያንኑ በጭስና በዘይት የጠቆረ የጭቃ ግድግዳ፣ ከምስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን አሮጌ የሞተር ቺንጊያም ጭምር ነው።

ሥራዋ መርገጥ ነበር። ፍሬን ተፈትቶ ሲገጠም ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል። አየሩ እንዲወጣ አንዱ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ይፈታል፣ ያጠብቃል፤ ሌላው ከላይ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል። ለአንድ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። ጋራዡን የከፈቱት አባቷ ኑርሁሴን ሲሆኑ፣ ወንድሞቿ አንዱ ጎንደር፣ አንዱ አዲስ አበባ ሲገቡ የሚረግጥላቸው ሰው አጡ። አንድ ቀን ረህማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣

"ደብተርሽን አስቀምጪና ነይ፤ ለዛሬ ብቻ ነው" አሏት።

በማግስቱ ሌላ መኪና መጣ። አምስተኛ ክፍል እንደ ጀመረችው ቀረ። ትምህርት አቁሚ ያላት ሰው የለም። እሷም አቆምኩ ብላ አታውቅም፤ ሰው ሲጠይቃት "እየረገጥኩ ቀረሁ" ትላለች።

እግር ደግሞ እንደ እጅ ሁሉ ይማራል። ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ስትረግጥ፣ አየር የቀረበት ፔዳል እንደ ረጠበ ሊጥ ከሥሯ ይለሰልሳል። ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ ይዛው ሳለ ቀስ እያለ ይሰምጥባታል። ደህናው መሬት እንደ መርገጥ ነው። ይህን ሁሉ ያስተማራት ሰው የለም፤ የጠየቃትም የለም። አባቷ ከሥር ሆነው "ርገጪ… ያዢ… ልቀቂ" ይሏታል፤ እሷም "ይዣለሁ" ትላለች። አባትና ልጅ ከዚህ የበለጠ የተነጋገሩበት ቀን ጥቂት ነው።

አባቷ ካለፉ በኋላ ጋራዡ ከእሳቸው ሥራ ለተማረው ለኪዳኑ ሆነ። ረህማ በጋራዡ ግድግዳ ማዶ ሳሙናና ጨው፣ ብስኩትና ክብሪት የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለቻት። ኪዳኑ ሲፈልጋት ግድግዳውን በቁልፍ ብረት ይቆረቁራል።

"ረህማ፣ እግርሽን አበድሪኝ።"

"ያበደርኩህን መቼ መለስክና" ትላለች እየተነሣች።

"አንቺ ባትኖሪ በትር ነበር የማስረግጠው።"

"በትር ይሻልሃል፤ አይከራከርህም።"

ለቀልዱ የሚስቁት ሾፌሮቹ ናቸው። እሷና ኪዳኑ ሳቁ ካለቀባቸው ቆይቷል፤ ነገር ግን ሳይባባሉት ሥራ አይጀምሩም።

ባሏ ጠይብ ሾፌር ነበር። ሰሊጥ ለመጫን ሁመራ እንደ ወረደ እዚያው ሌላ ጎጆ ቀለሰ። መጀመሪያ በሰው መልእክት ይልክላት ነበር፤ ኋላ ሰላምታ ብቻ ሆነ፤ ሰላምታውም ደከመው። ሴት ልጇ ዚነት ጅዳ ናት፤ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች፤ ሁለቱም ደህና ነን ይባባላሉ። ከቤት የቀረው ወንድ ልጇ አነስ ብቻ ነው።

አነስ የዳባቱ ነጋዴ የሀጂ ሙሰዓብ ሚኒባስ ሾፌር ነው። ጠዋት ዳባት ሄዶ ሰው ይጭንና ደባርቅ ያደርሳል፤ ከዚያ የሊማሊሞን ቁልቁለት ይዞ ዛሪማ ይወርዳል፤ ማታ ተመልሶ ከእናቱ ቤት ያድራል። ድሮም ቃል የሚበዛበት ልጅ አልነበረም። በእሱ ፈንታ የሚያወራው ረዳቱ አለነ ነበር። አብረው አፈር ፈጭተው ያደጉ ናቸው። አለነ በሩን ከፍቶ ተሳፋሪ ይጠራል፣ ሂሳብ ይሰበስባል፣ ከዛሪማ የያዘውን ወሬ ሁሉ ማታ ለረህማ ያወርድላታል። እሱ ሲመጣ ቤቱ ሰው የሞላበት ይመስላል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ማታ የሚመጣው አነስ ብቻውን ነው።

"አለነስ?" ትለዋለች።

"ደክሞት ቤቱ ገባ።"

"ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

እሷም እዚያው ትተወዋለች። ሰው ያልተናገረውን ጎትቶ ማውጣት ልማዷ አይደለም።

በኅዳር፣ ገብሱ ታጭዶ አገሩ ሁሉ ጭነት በያዘበት ሰሞን፣ በዳባት መንገድ ላይ ወቅን አጠገብ አህዮች መንገዱን ሲያቋርጡ አነስ ፍሬኑን በኃይል ረገጠ። መኪናው ቀጥ ብሎ መቆም ሲገባው ወደ ቀኝ ተጎተተ። መሪውን ወደ ግራ ቢጠመዝዝም ከአስፋልቱ ወጥቶ የቦዩ አፍ ላይ ቆመ። የተጎዳ ሰው የለም፤ አህዮቹም አልፈው ሄዱ። ተሳፋሪዎቹ ግን ወረዱና እያንዳንዱ የየራሱን ምክንያት ሰጠ። አንዱ አስፋልቱ ዘመም ስላለ ነው አለ፤ አንዱ ጭነቱ ላይ አመካኘ፤ አንዲት አሮጊት ደግሞ "ልጄ፣ ዓይን በልቶሃል፤ ዝም ያለ ሰው ዓይን ይበላዋል" አሉት።

ወሬው ዳባት ሳይደርስ አላደረም። ሀጂ ሙሰዓብ ራሳቸው ጋራዡ ድረስ መጡ። ቁጡ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

"አነስ ልጄ፣ ይሄ ገብስ የሚጭን መኪና ቢሆን ዝም ባልኩ። የሰው ልጅ ነው የሚጭን። እስከ ዳባት ገበያ ቀን ድረስ ወይ ምክንያቱን አግኙልኝ፣ ወይ ቁልፉን አምጣልኝ።"

ማታ አነስ እራቱን በልቶ እጁን እየታጠበ፣ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

"ቁልፉ ከሄደ እኔም መተማ እወርዳለሁ።"

"መተማ ምን አለህ?"

"ሥራ አለ ይላሉ።"

ረህማ ፎጣውን ሰጠችው። ከዚህ ቤት የወረደ ሰው ተመልሶ ወጥቶ አያውቅም። ልጇ እንዲቀርላት መኪናው መዳን አለበት፤ ነገሩ ለእሷ ይኸው ነበር።

ኪዳኑ ከማግስቱ ጀምሮ መኪናውን አስገብቶ ከሩቁ ምክንያት ወደ ቅርቡ መጣ። የጎማውን ንፋስ ለካ፤ ቀኝና ግራው እኩል ነው። የፊቱን ቀኝ ጎማ ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ ቀየረ፤ ጥፋቱ የጎማ ከሆነ መጎተቱም ከጎማው ጋር ቦታ መቀየር አለበት። ነድቶ ሞከረው፤ አሁንም ወደ ቀኝ ነው። ፍሬን ሳይነካ መሪውን ለቀቅ ሲያደርገው መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ የመሪ ነገር አይደለም። ቀስ ብሎ ሲረግጠውም እምብዛም አይታወቅም። የሚጎተተው ድንገት ሲረገጥ ብቻ ነው።

"የፍሬን ነው" አለ ኪዳኑ፤ ግድግዳውንም ቆረቆረ።

ረህማ ጫማዋን አውልቃ ሾፌሩ ወንበር ላይ ወጣች። ኪዳኑ የፊቱን በክሪክ አነሣና ጎማዎቹን በእጁ እያሽከረከረ "ርገጪ" አላት። ቀኙ ያዘ። ግራውም ያዘ። በጎማው ቀዳዳ አጎንብሶ ዲስኩን የሚይዘውን የፍሬን ሸራ አየ።

"ሸራውም ገና ነው፤ ወፍራም ነው። የሚያንጠባጥብ ዘይትም የለም።"

ረህማ ግን እግሯን ከፔዳሉ አላነሣችም። እንደገና ረገጠችው።

"ኪዳኑ፣ ይሄ ፔዳል ሁለት ጊዜ ይነካል።"

"እንዴት ያለ ሁለት ጊዜ?"

"መጀመሪያ ይነካና ያዝኩት ስል ደግሞ ትንሽ ይሄዳል። እንደ ላስቲክ።"

"አየር ይሆናላ።"

"አየር እንዲህ አይደለም። አየር ከመጀመሪያው ነው የሚለሰልስ።"

"እግርሽ አርጅቷል በቃ።"

"እግሬ ካረጀ በትርህን አምጣና ጠይቀው።"

አየሩን ደግመው አስወጡ። ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ። በቱቦው የሚወርደው ዘይት አንድም አረፋ አልነበረበትም። ረህማ ግድግዳውን እያየች ረገጠች፤ ፔዳሉ አሁንም ሁለት ጊዜ ነካ። ኪዳኑ ከሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። አነስ በር ላይ ቆሞ ነበር። ገበያው ቀርቧል።

"የቆመ መኪና ሁሉንም አይናገርም" አለች ረህማ በመጨረሻ። "ሲሄድ ልየው።"

ኪዳኑ ዞሮ አያት። በዚህ ሁሉ ዘመን ከጋራዡ በመኪና ወጥታ አታውቅም። "እንዳልሽ" አለ።

አነስ ነዳ፤ ኪዳኑ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ረህማ ከኋላ ረዳት በሚቀመጥበት ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ልትቀመጥ ስትል ቦታ አጣች። ወንበሩ ላይ የውሃ ጀሪካን በገመድ ታስሯል። ከሥሩ የተኛው አቧራ ሰው ከተቀመጠበት የቆየ መሆኑን ይናገራል። ሌላም ነገር አየች፤ ከበሩ እጀታ የተነሣ ቀጭን ሲባጎ በወንበሮቹ ሥር አልፎ እስከ ሾፌሩ ወንበር ጀርባ ይሄዳል። አነስ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ሲባጎውን ሲስበው በሩ ተንሸራቶ ተዘጋ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"በሩ ላልቶ ነው እማ።"

"አለነስ ዛሬ?"

"ጉዳይ አለው።"

ወደ ዳባት አቅጣጫ ወጥተው ከአስፋልቱ ጎን ያለውን ጠጠራም ሜዳ ያዙ። ነፋሱ ከተራራው በኩል እየወረደ ገለባ ይበትናል። አነስ ፍጥነት ጨምሮ ሄደና ኪዳኑ "አሁን" ሲለው ፍሬኑን በኃይል ረገጠ። መኪናው አፍንጫውን ወደ ቀኝ ጥሎ ቆመ። ወርደው ኋላቸውን አዩ። የቀኙ ጎማ ጠጠሩን እንደ ማረሻ ሰንጥቆት ሄዷል፤ በግራ በኩል ግን ተንከባሎ ያለፈ ጎማ ምልክት እንጂ የተጎተተ መስመር የለም።

ደጋግመው አቆሙት። ረህማ እጇን ወደ ጎማዎቹ አስጠጋች። የቀኙ ግለት ገና ሳትነካው ገፋት። በግራው ላይ መዳፏን አሳረፈችበት፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ድንጋይ ያህል ብቻ ነው የሞቀው።

"ቀኙ ብቻውን ነው የሚለፋው" አለች።

"ልክ እንደ ጥማድ በሬ" አለ ኪዳኑ ጉልበቱን ይዞ እየተነሣ። "አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ከሄደ ቀንበሩ ወደ ቆመው ይዞራል። እኛ የሚጎትተውን ስንበረብር ሰነፉ በግራ ተቀምጦ ነበር።"

ተመልሰው የግራውን ጎማ አወለቁ። ኪዳኑ በቀዳዳ ያየውና ወፍራም ነው ያለው የውጭው ሸራ ነበር። የውስጡ አልቆ ብረት ለብረት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሁለቱን ሸራ ይዞ ዲስኩን የሚጨብጠው ብረት በሁለት ፒን ላይ ወዲያና ወዲህ መንሸራተት አለበት፤ ያ ካልሆነ የሚይዘው በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ ሌላው ወገን ሥራ ይፈታል። የግራው ፒን ዝጎ እንደ በቀለ ቀንድ ተጣብቋል። ግራሶውን የሚጠብቀው ላስቲክ ተቀዷል። ጎማውን በሚይዘው ቸርኬ ላይ፣ በብረቱም ላይ፣ ውሃ ደርቆ የሚተወው ነጭ ምልክት ተደራርቧል።

"ውሃ ጠጥቷል" አለ ኪዳኑ።

የቀኙንም አወለቁት። አቧራና የሸራ ጥቀርሻ ብቻ ነው፤ ነጭ ነገር የለበትም። ፒኑም በጣት ይገፋል።

በሊማሊሞ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ይህን ያውቃል። ከቁልቁለቱ መካከል ምንጭ ከመንገዱ ዳር ይወርዳል። ፍሬን ሲረግጡ የወረዱ መኪኖች እዚያ ሲደርሱ ጎማቸው ይሸታል፤ ያን ጊዜ ቆመው ጀሪካን ይሞሉና የጋለውን ጎማ ያበርዱታል። ሾፌሩ በራሱ በር በኩል ያለውን፣ ረዳቱ በተሳፋሪው በር በኩል ያለውን። እንዲህ ተለምዷል፤ ማንም ማንንም አዝዞ አይደለም። የረህማ አባት ይህን ልማድ ሲሰሙ ይቆጡ ነበር፤ "የጋለ ብረት ውሃ አይወድም፤ በማርሽ ውረዱ" ይሉ ነበር። የሚሰማቸው አልነበረም።

ረህማ የግራውን ቸርኬ አየች። ቀጥላ የቀኙን። ከዚያ ልጇን አየችው።

"ጎማው ላይ ውሃ ታፈስ ነበር?"

"ሁሉም ያፈሳል እማ።"

"በአንድ ወገን ብቻ?"

አነስ የፈታውን ቡሎን በጣቱ ያገላብጥ ጀመር።

"በቀኝ ማን ነበር የሚያፈስልህ?"

ኪዳኑ ያልፈለገውን መፍቻ ሊፈልግ ወደ ጓዳ ገባ።

"አለነ ከሄደ ቆየ" አለ አነስ። "ከረመዳን በፊት ነው። መተማ ትራክተር ይነዳል።"

ረህማ ከመኪናው ጎን ባለው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ረመዳን ካለፈ ዝናቡም መጥቶ ሄዷል፤ ገብሱ ተዘርቶ ታጭዷል። ይህን ሁሉ ጊዜ ማታ ማታ "አለነስ" ትለዋለች፣ "ደህና ነው" ይላታል። ዋሽቷል እንዳትል፣ አለነ በእርግጥ ደህና ነው።

"ሌላ ረዳት አጥተህ ነው?"

"ሰው አይጠፋም። እኔ ነኝ ያልፈለግሁ። በቦታው ሌላ ሰው ሲቀመጥ…" አነስ ቃሉን ሳይጨርሰው ተወው። "ሂሳቡን ፊት የተቀመጠ ተሳፋሪ ይሰበስብልኛል። በሩን በገመድ እዘጋዋለሁ።"

"ገደሉ አፍ ላይ ቆመህ ለብቻህ ውሃ ስታፈስ…"

"ዞሬ በቀኝ እንዳላፈስ ተሳፋሪው ይቸኩላል።"

ኪዳኑ መፍቻ ሳይዝ ተመለሰ። ቸርኬዎቹን አየና ራሱን ነቀነቀ።

"የሚገርመው ነገር፣ ሁለት ሆናችሁ ብታበላሹት ኖሮ ቀጥ ብሎ ይቆምላችሁ ነበር።"

ቀልድ ብሎ ነው የተናገረው። ማንም አልሳቀም፤ እሱም ወደ ፒኑ ተመለሰ።

ፒኑን ነጭ ጋዝ አጠጥተው አሳደሩት። በማግስቱ ኪዳኑ እየመታ፣ እያዞረ አወጣው፤ ዝገቱን ፍቆ፣ ግራሶ ቀብቶ፣ ላስቲኩንና ሸራውን ቀይሮ ገጠመው። ረህማ ረገጠች። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነካ፤ መሬት እንደ መርገጥ ሆነ። "ይዣለሁ" አለች። በሜዳው ላይ አነስ በኃይል ረግጦ እጁን ከመሪው ሲያነሣ መኪናው እንደ ተተከለ ችንካር ቀጥ አለ፤ ከኋላው ሁለት እኩል መስመር ተሰምሮ ቀረ።

በገበያው ዕለት ሦስቱም ወደ ዳባት ሄዱ። ጀሪካኑን ፈትተው፣ ሲባጎውንም ቆርጠው ረህማ በረዳቱ ወንበር ተቀመጠች። ሚኒባስ ባዶውን አያልፍም፤ ከመንገድ ሰው እየጫኑ ነው የሄዱት፤ በሩን የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ሆነች። በግ የያዘ አንድ ገበሬ ሲሳፈር አያትና ፈገግ አለ።

"ዘንድሮ እናቶች ረዳት ሆናችሁ?"

"ለዛሬ ብቻ ነው" አለችው። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ የአባቷ ድምፅ ትዝ አላት።

ኪዳኑ ወደ እሷ ዘወር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሀጂ ሲጠይቁ ላስቲኩ አርጅቶ ነው እንላለን። ውሸትም አይደለም፤ አርጅቶ ነበር።"

ረህማ ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ ከሆነ ቁልፉ ከልጇ እጅ ይቀራል፤ ልጇም ከቤቷ ይቀራል። የምትፈልገው ይህንኑ ነው። ከፊቷ የአነስ ማጅራት ይታያታል። ተሳፋሪው ሲያወራ እሱ በመስታወቱ መንገዱን ያያል እንጂ ወደ ማንም አይዞርም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወቅንን ሲያልፉ፣ እንደ ልማዱ በሩን ሊዘጋ እጁን ወደ ኋላ ሰደደና ገመዱን አጣው። እናቱ በሩን መዝጋቷን አይቶ እጁን ቀስ ብሎ መለሰ።

"መሄድ ከፈለግህ ቆይተሃል አይደል?" አለችው፤ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮው ቀርባ።

"ብቻሽን ትሆኛለሽ ብዬ ነው።"

ረህማ ወደ ወንበሯ ተመለሰችና እስከ ዳባት በሩን ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች።

ሀጂ ሙሰዓብ ከእህል መጋዘናቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊት ወንበር ገብተው ራሳቸው ሞከሩት። አነስ መኪናውን አስሩጦ ፍሬኑን ሲረግጠው ሀጂ እጃቸውን ከፊታቸው ብረት ላይ ተክለው ነበር፤ መኪናው ቀጥ ሲል እጃቸውን አነሱና "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ወርደው የግራውን ጎማ መታ መታ አደረጉት።

"እህሳ፣ ምን ሆኖ ነው?"

"ላስቲክ ነው ሀጂ፤ ያው ዕድሜ" አለ ኪዳኑ።

ሀጂ ወደ ረህማ ዞሩ። አባቷን ያውቁ ነበር።

"ረህማ፣ እግርሽ ነው አሉኝ ያገኘው። ላስቲክ ነው?"

አነስ መሬት መሬት ያያል። ረህማ መሐረቧን አጥብቃ አሰረች። "አዎ" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የቀረቻት።

"ላስቲኩም ነው። ግን በግራ በኩል ብቻ ውሃ ሲፈስበት ነው የከረመ፤ ምንጩ ጋ። በቀኝ የሚያፈስለት ሰው ስለሌለ ነው። ልጄ ረዳት የለውም ሀጂ። ከረመዳን በፊት ጀምሮ ብቻውን ነው የሚወርድ የሚወጣ።"

ሀጂ እጃቸውን ከጎማው ላይ አነሡ። ከመጋዘኑ ውስጥ ገብስ የሚሰፍሩ ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

"ሊማሊሞን? ሰው ጭኖ?"

"አዎ።"

"አነስ፣ መኪናዬን ስላበላሸህ አልቆጣህም፤ መኪና ይሠራል። ሰው ጭኖ ብቻውን ገደል ለሚወርድ ግን ቁልፍ አልሰጥም። ረዳት ይዘህ ና፤ ቁልፉ ያንተ ነው። ከፈለግህ ከእኔ ልጆች አንዱን እሰጥሃለሁ፤ አሁኑኑ።"

አነስ እናቱን አያት። እሷ ቅር ብትል እንዳያይባት የበጉን ገበሬ ፍለጋ ወደ ገበያው ዓይኗን ላከች። አነስ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ፣ ላቡን በሱሪው ጠርጎ፣ በሁለት እጁ ለሀጂ ሰጣቸው።

"ረዳቴ መተማ ነው ያለው" አለ።

ሀጂም አልመከሩትም፤ መረቁት።

በሄደ ዕለት ማለዳ ደባርቅ ውርጭ ነበር። ረህማ ከመናኸሪያው ድረስ ሸኘችው። ቦርሳውን ከአውቶቡሱ ጣራ ሲጭኑለት ወፍራም ጃኬቱን ከክንዷ አውጥታ ዘረጋችለት።

"መተማ ምን ጃኬት ያሻል እማ? እሳት ነው አገሩ።"

"ስትመለስ ይበርድሃል።"

አነስ ሳቀ። ሲስቅ ካየችው ቆይታ ነበር። ጃኬቱን አንከባሎ መልሶ በክንዷ ላይ አደረገላት።

"እንግዲያ ከቤት ይጠብቀኝ።"

አሁን ጃኬቱ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ አለ። አነስ አንዳንድ ጊዜ ይደውላል። ደህና ነኝ ይላታል፤ ከኋላው አንድ ሰው እየሳቀ "እትዬ ረህማ፣ ልጅሽ ትራክተር ሲነዳ ገበሬው ሁሉ ይሸሻል" እያለ ይጮኻል። አለነ ነው። በደወለላት ቀን ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሱቋን ሳትከፍት ትቆያለች።

የሀጂ ሚኒባስም አዲስ ሾፌርና አዲስ ረዳት ይዞ ጋራዡ ይመጣል። ሁለቱ የማይስማሙ ናቸው፤ በር ዘጋህ አልዘጋህም ሲባባሉ ድምፃቸው ከሱቁ ድረስ ይሰማል። በቀደም የኋላ ፍሬኑ ተፈትቶ ነበርና ኪዳኑ ግድግዳውን ቆረቆረ።

"ረህማ፣ እግርሽን አበድሪኝ።"

"ያበደርኩህን መቼ መለስክና" አለች።

ጫማዋን አውልቃ ልጇ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ወጣች። ሲባጎው ከወንበሩ ጀርባ ተቆርጦ ጫፉ ቀርቷል። ኪዳኑ ከሥር "ርገጪ" አላት፤ ረገጠች። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ነካ። "ይዣለሁ" አለች፤ እጇን በመሪው ላይ አድርጋም ግድግዳውን አየች።